የጉንፋኗ አዋላጅ

የዚያ ዓመት ክረምት ከልቤ አይወጣም። ዝናቡ እንደ ነገረኛ ጎረቤት ጠዋት መጥቶ ማታም አይሄድም ነበር። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል፤ አልጋ ስንገባ አንሶላው ከመቀዝቀዙ የተነሣ የማናውቀው ሰው እግር የነካን ይመስለን ነበር። እኔ ግን ያን ክረምት ሳስበው ደስ ይለኛል። በየማለዳው የምነቃው ጓሮዬ ያለችውን ክፍል የተከራየችው አዋላጅ ነርስ ኮፈን ከፍታ ከመኪናዋ ጋር ስትሰዳደብ ነበር።

"ሲስተር" ነው የምንላት። መኪናዋ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት፤ ረጅም፣ ኋላዋ ሰፊ፣ ቀለሟም ድሮ ነጭ ነበር ይባላል። ሰፈሩ "ጉንፋኗ" ይላታል፤ ሳትስል አትነሳማ። ከሲስተር በፊት የዳቦ ቤት ነበረችና ወንበሮቿ ሥር ገና ፍርፋሪ ነበር። ጉንዳኖቹም አብረው የተሸጡ ናቸው፤ ከእኔ የበለጠ አገር አይተዋል።

ሲስተር በየቀኑ በዚህች መኪና እየዞረች ነፍሰ ጡርና አራስ ታያለች። የኋላውን ወንበር አጥፋ ስፖንጅ አነጠፈችበት፤ ላስቲክ አለበሰችው። መጋረጃውን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ጨርቁ አሮጌ ቀሚሴ ስለነበር መኪናዋ ስታልፍ ሰው ሁሉ "እትዬ ሄደች" ይላል። ከተጣለ አውቶቡስ የጣሪያ መብራት ነቅላ ገጠመችላት። ሬዲዮም ነበራት፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ የሚሠራ። ዜና ካማራት አደባባይ ትዞራለች።

ደግሞ ዘይትና ውሃ ሳታይ ቁልፍ አታዞርም። እንደ በሽተኛ ካርድ አውጥታላት "ሙቀት ደህና፣ ሳል አልቀነሰም፣ ምግብ ትወዳለች" ብላ ትጽፍባታለች። ምግብ ያለችው ቤንዚን ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ባል እንዲህ ብትንከባከቢ አሁን ስንት ልጅ ይኖርሽ ነበር" አልኳት አንድ ቀን።

"ባልማ ኮፈኑ አይከፈትም፣ እትዬ።"

ክረምቱ ሲጋመስ ጉንፋኗ ሳሉ አልበቃ ብሏት ከፊት ለፊቷ ማንኳኳት ጀመረች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ግላ መንገድ ላይ ቆመች። ውሃ ትጨርሳለች፤ በየት እንደሚፈስ ግን በዚያ ዝናብ ማን ይለያል፣ ግቢው ሁሉ ውሃ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሲስተር ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ ማንን እንደሚመስል ዘመድ ተጣልቶበት አልቋል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ሱሪውን ደረቱ ላይ የሚታጠቅ ሰውዬ፣ አስጠርቶ ነገራት። ሰኞ ጠዋት ሩቅ መንደር ያለች ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር መታየት አለባት። አሁንም ከዘገየች ዙረቱ አዲስ ሞተር ሳይክል ለገዛው ነርስ ይሰጣል፤ እሷ ካርድ ክፍል ትገባለች።

"ካርድ ክፍል ከምገባ መቃብር ይሻለኛል" አለችኝ። "እዚያ ቢያንስ ወረፋዬን ነጠቁኝ የሚል የለም።" ሳቀች፤ እራቷን ግን አልነካችም።

እሁድ ጠዋት "ፕሮፌሰር" የምንለው መካኒክ መጣ። አንገቱን ኮፈኑ ሥር አስገብቶ ብዙ ቆየና እንደ ሐዘን ነጋሪ ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ።

"ሲስተር፣ ሞተሩ ከውስጥ ተበልቷል። አውርጄ ልክፈተው፤ ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።"

"ሳይከፈት አይታወቅም?"

"ሳይከፈት እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።"

"ሚስትህ መንታ መያዟን እኔ ከፍቼ ነው እንዴ የነገርኩህ?"

"የእኔ ሚስት በቤንዚን አትሄድም።"

"በምን እንደምትሄድ አንተ ታውቃለህ። አስነሳልኝ።"

ከቦርሳዋ የእንጨቷን ቧንቧ አወጣች፤ የነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አስደግፋ የፅንስ ልብ የምታዳምጥባትን። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ ስትል ማራገቢያው የሻሿን ጫፍ ነጠቃት። እሷ ራሷን አተረፈች፤ ሻሹ ግን ተበጣጥሶ ቀረ። የእኔ ሻሽ ነበር።

"ዲናሞው ነው" አለች ፀጉሯ ተንጨባሮ።

ፕሮፌሰር ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ፈታ፣ በጣቱ አሽከረከረው። ድምፅ የለውም፣ ቅቤ ነው።

"ዲናሞው ሴት ልጅ ወልዷል፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለ።

ሲስተር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። የስንቱን ልጅ የተቀበሉ እጆች ሥራ ሲፈቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፕሮፌሰር ዲናሞውን ቦታው መልሶ አጥብቆ ሲጨርስ ተነሳች።

"ተማሪ ሳለን የምንሳሳታት ናት" አለች። "የእናትየዋን ትርታ ሰምተሽ የልጁ ነው ትያለሽ። የእናትየዋን ካልለየሽ ሁሉም ይምታታል።"

"እና የዚህች እናት ማናት?" አለ ፕሮፌሰር።

"ሞተሩ። ቺንጋውን አውጣልኝ፣ ብቻውን ይጩህ።"

ቺንጋው ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ አብሮ የሚያዞር የላስቲክ ቀበቶ ነው። "ያለ ቺንጋ ቢሠራ ይግላል" ብሎ አጉረመረመ። "ለአንድ ደቂቃ ነው፤ መንታዎችህ ሲወለዱም እንዲህ አላስቸገሩኝም" አለችው። አወጣው፣ አስነሳው። ማንኳኳቱ የለም። ጉንፋኗ ሳለች፣ ሳለች፣ በቃ። በሳል እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዲናሞውን አይተነዋል። ምን ቀረ?"

ፕሮፌሰር እጁን ሰደደና የውሃውን ፓምፕ ወዘወዘው። እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። ውስጡ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ አልቋል፤ ውሃውም የሚያልቀው በዚያው ነው።

"ሲስተር፣ ይቺን ለሰው እንዳይናገሩብኝ።"

"ለማን እናገራለሁ? ለሰፈሩ ብቻ ነው።"

ጋራዡ ውስጥ ከሞተች መኪና ፓምፕ ፈትቶ አመጣ፤ ከቀትር በኋላ ገጠመው። ሰኞ ሲስተር መንደሩ በጣም ቀድማ ከመድረሷ የተነሣ በሩን የከፈተላት ባልየው በውስጥ ሱሪ ነበር። ሴትዮዋም በሰላም ወለደች።

ዙረቱ አልተነጠቀባትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከወንዙ ማዶ፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ፣ አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፈተ። የራሷ መኪና ያላት፣ መንገድ ላይ ብትቆምም የማትደነግጥ አዋላጅ ፈለጉ። ሌላ ማን አለ? እምቢ ብትል የሚጠብቃት ያው ካርድ ክፍል ነው። ዕቃዋን ስትጭን አግዣታለሁ፤ ስፖንጁን፣ ሁለት ወንበር፣ የውሃ ጀሪካን። ፓምፑ ያኔ ባይገኝ ኖሮ ካርድ ክፍል ገብታ ጓሮዬ ትቀር ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ክፉ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ በሚመጣ ሰው ሰላምታ ትልክ ነበር። በመጨረሻ የሰማሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ መድኃኒት የሚያደርስ ሾፌር አይቷት ነበር። እዚያው ከወንዙ ማዶ፣ ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች፤ ጉንፋኗም በሩ ላይ ትቆማለች አለኝ።