ሞደሙ ሲጮህ

ባጃጅ ፍሬን ይዞ ሲያፏጭ፣ ያ የልጄ ሞደም ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ወሬውን የምንጠብቀው በቤታችን ስልክ ነበር። ልጄ ደግሞ፣ "ስለ አባቴ ሕመም ከኢንተርኔት አነባለሁ" ትል ነበር። ሊኑክስ የሚሉት የኮምፒውተሯ ሥርዓት ኢንተርኔቱን በስልክ መስመር የሚያመጣውን ሞደም አላውቀውም እያለ ሲያስለፋት ሰንብቶ፣ ያን ቀን ተቀበለው። ሞደሙ በስልካችን መስመር ጮኸ።

"እሰይ፣ ገባልኝ!" አለች።

"ኧረ ንቀይው! መስመሩን ይዘሽው ከሆስፒታል ቢደውሉስ?" አልኋት።

አማቴ እማሆይ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ፣ "ተያት ልጄ፤ መርዶ እንደሁ በስልክ አይመጣ፣ በሰው እግር ነው" አሉኝ።

ማጽናናታቸው ነበር። የኔ ዓይን ግን ከስልኩ ወደ አጥሩ በር ዞረ። ወዲያው ውሻችን ወደዚያው ይጮህ ጀመር፤ በሩም ተንኳኳ።

ዛሬም በር ሲንኳኳ፣ ልክፈት ስል እግሬ እንቢ ይለኛል።