ከነላስቲኩ የተቀበረው የእናቴ አቮካዶ

ዛሬ ማክሰኝት ከተማ እናቴ ጓሮ አንድ የደረቀ የአቮካዶ ችግኝ ብነቅል፣ ጥቁሩ ላስቲክ ሥሩን እንዳነቀ አብሮ ወጣ። ደሜ ፈላ!

ስምንቱም ችግኞች የተተከሉት ከነላስቲካቸው ነው።

ክረምት ላይ የግብርና ባለሙያዎች መጥተው "አቮካዶ ያዋጣል" ሲሏት፣ እናቴ ስንት ዓመት ያኖራትን ጌሾ ነቅላ ቦታ ሰጠቻቸው። ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ።

ቅጠሉ ከጫፉ ቡናማ እየሆነ ሲደርቅ አንደኛው ተመልሶ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ተባይ ነው፣ መድኃኒት ርጪበት" አላት። አንድ ቅጠል እንኳ ገልብጦ አላየም! እኔ ዛሬ ሁሉንም ገለበጥሁ፤ አንዲት ትል የለችበትም።

(ፎቶው ግን ሸጋ ነው፤ የመሥሪያ ቤታቸው የኢንተርኔት ገጽ ላይ አይቸዋለሁ።)

ጎረቤታችን አያ መርሻ ሥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በጃንሆይ ጊዜ ተማሪ ሳለን ችግኝ በጣሳ ነበር የሚመጣ። ከነጣሳው ብንተክል መምህሩ ይገርፈን ነበር።"

እናቴን "ሲተክሉ አላየሽም ወይ?" አልኋት።

"አይቻለሁ እንጂ። ምነው ላስቲኩን አታወጡትም ልላቸው ነበር። የተማሩ ናቸው ብዬ ዝም አልሁ።"

የእናንተስ ችግኝ? ቅጠሉ ከደረቀ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን ቆፍሩና ያገኛችሁትን እዚህ ሥር ለጥፉ። ፎቶ ማንሳት እኛም እንችላለን።