ሁለት ፐርሰንት

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ላፕቶፗ ላይ ስትሠራ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ምንድን ነው ብላት፣ «የፐርሰንት ምልክቷን ብቻዋን ጽፌ ነው፣ እማማ» አለችኝ። ልቤ ወደዚያ ክረምት ሄደ።

በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። ከቦምቤ ወደ ሶዶ መጥቼ፣ ከጓደኛዬ ከአማረች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን በአንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር እንማር ነበር። ፈተናውን ያለፈ እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ ይቀጠራል ተብሏል። ጎዳሬ ቀቅለን በዳጣ በርበሬ እየበላን የምናወራው ስለዚያ ሥራ ብቻ ነበር።

ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፐርሰንት ትእዛዝ ነው፤ ከኋላው ያለው ፊደል ምን እንደሚታተም ይናገራል። ፐርሰንቱ ራሱ እንዲታይ ከተፈለገ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። እኛ ይህን አላወቅንም። የምንለማመድበት ኮምፒውተር ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት አሮጌ ነበር። 100%Wolaytta ብለን ስንጽፍ እንዳለ ያወጣልናል። እየሳቅን እጅ ለእጅ እንማታለን፤ ትክክል መስሎናላ!

የፈተና ቀን አማረች አሮጌው ላይ፣ እኔ ዊንዶውስ ያለበት ላይ ተቀመጥን። ሁለታችንም ያቺኑ መስመር ጻፍን። የእሷ እንዳለ ወጣ። የእኔው ፐርሰንቷን ዋጠና 100Wolaytta አለ።

«ወድቀሻል» አለኝ መምህሩ።

«መምህር፣ የእሷን ይዩት እንጂ! ፊደል በፊደል አንድ ነው።»

«የእሷ በትክክል ወጥቷል።»

«ታዲያ የሚፈተነው ሰው ነው ኮምፒውተር?»

አማረች በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። «ተይ በናትሽ!» አልተውኩም።

መምህሩ ሁለቱን ጽሑፍ አስተያየ። «እውነትሽን ነው፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ለተሳሳተ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የቋንቋው ሕግ አይናገርም። አንዱ እንዳለ ያሳልፈዋል፣ ሌላው ይውጠዋል» አለና አማረችንም ጣላት።

እኔንም ያሳልፉኝ አልኩ እንጂ እሷን ይጣሏት አላልኩም።

አማረች በዝናብ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ሻንቶ ከተማ፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። «ፍትሕሽን ቀቅለሽ ብዪው!» ብላኝ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ለሁለት የቀቀልኩት ጎዳሬ ድስቱ ውስጥ ቀዘቀዘ። በሚቀጥለው ዙር ተፈትኜ አለፍኩ፣ ተቀጠርኩም። የምሥራቹን የምነግረው ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።

ዛሬም ቢሆን ያንኑ ፍትሕ እጠይቃለሁ። አንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ፍርድ ይገባዋል።

የልጅ ልጄ ከፐርሰንቷ ጎን ሌላ ፐርሰንት ጨመረች። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ ሁለት ተጽፎ አንድ ወጣ።

«አየሽ እማማ? ብቻዋን አይሆንላትም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።