ዳኛው ለሊቀመንበርነት ሲወዳደሩ

አቶ ሰረቀብርሃን ደሴ ላይ ፀጉራቸው እስኪሸብት በዳኝነት ሠርተዋል። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከመጡ ወዲህ ዳውንታውን ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት ይቆርጣሉ፤ “ዳኛው” የሚለው ስም ግን አብሯቸው ውቅያኖስ ተሻግሯል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ሸሪኮች ሲጣሉ፣ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ደክሞኛል ይላሉ እንጂ ይወዱታል።

አንድ ልማድ አላቸው። ነገሩን የያዙለት ሰው ቤት፣ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሰዉ በዚህ ይቀልድባቸዋል፤ የሚያምናቸውም በዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ማኅበር የሊቀመንበር ምርጫ ሲደርስ አባላቱ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ አዳራሹ ኦክላንድ ይሁን ሳን ሆዜ በሚል። ሁለቱም ወገን የማይጠላው ሰው ሲፈለግ ዳኛው ተገኙ። መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ቀጥሎ አሰብ አደረጉ፣ በመጨረሻ አዲስ ክራቫት ገዙ።

በዚያው ሰሞን እጃቸው ላይ አንድ ነገር ነበር። ኩምሳና ሚልክያስ ሳን ሆዜ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ አብረው ከፍተው፣ እንደ ወንድማማች ኖረው፣ ተጣልተዋል። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ለማስቀመጥ ብቻ ዳኛው ክረምቱን ሙሉ ሲለምኑ ከረሙ። ለቅዳሜ ተቀጠረ። ከሊቀመንበርነቱ ይልቅ ከልባቸው የሚፈልጉት ይህን እርቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቅስቀሳውን የምትመራላቸው ነርሷ ትርንጎ ሳን ሆዜ ወስዳ ቤት ለቤት አዞረቻቸው። የመጨረሻው ቤት የሚልክያስ ነበር፤ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ይጠብቃል።

“እዚህ አልበላም። ነገራቸው እኔ ዘንድ ነው” አሏት መኪና ውስጥ።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካምፔን ነው። ሳይበሉ ከወጡ ‘ናቁን’ ነው የሚሉት። ያ ቤት ስንት ቮት መሰለዎት? ፕሊስ፣ ትንሽ ቀመስ ያድርጉ።”

ገቡ። የቀረበላቸውን ውሃ እንደምንም ሳይቀምሱ አሳለፉት። የሚልክያስ እናት ጉርሻ ጠቅልለው ሲዘረጉላቸው ግን ሁሉም ወደ እሳቸው አየ። እንደ ዳኝነታቸው ቢሆን እምቢ ባሉ ነበር፤ ተወዳዳሪ ናቸውና አፋቸውን ከፈቱ። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አነሳ። ጉርሻው እንደጣፈጣቸውም አይክዱም።

ቅዳሜ ሚልክያስ መጣ፤ ኩምሳ ቀረ። ቢደውሉለት አያነሳም።

እሑድ ምርጫው ተካሂዶ ዳኛው በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ዓይናቸው ኩምሳን ይፈልግ ነበር። ጃኬቱን ደርቦ ሊወጣ ሲል በር ላይ ደረሱበት።

“ኩምሳ፣ ትናንት ጠበቅንህ እኮ።”

“ፎቶውን አየሁት፣ ጋሼ።”

“ለምርጫው ብዬ ነው። ልቤ ወደ ማንም አላዘነበለም።”

“አውቃለሁ። እኔም የመረጥኩት እርስዎን ነው፤ ጥሩ ሊቀመንበር ይሆናሉ።” ዚፑን ወደ ላይ ሳበ። “ኬሱን ግን ለሎየር ሰጥቼዋለሁ። ነገ ፍርድ ቤት ፋይል ያደርጋል።”

ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ወጣ። ዳኛው አዘኑ፤ ሆኖም በእሱ ቦታ ቢሆኑ እሳቸውም ያንኑ ያደርጉ ነበር።

ትርንጎ ከኋላ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። “ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ፤ ስፒች ይጠበቃል።” ሄደው ማይክሮፎኑን ተቀበሉና ስለ አንድነት ተናገሩ።