የውል ጸሐፊው አገጭ

ጃኮማ ዘወትር ጠዋት እሳት ስታያይዝ የሰው መልክ የምትቀርጽበትን አንድ ድብልብል ሰም በአገጯና በደረቷ መካከል ትወሽቃለች። ሰሙ እስኪለሰልስ ድረስ ለሰላምታ እንኳ ቀና ስለማትል ፌራራ ከተማ ውስጥ ኩሩ ናት ይሏታል።

ባሏ ሲሞት የአንጥረኞች ማኅበር የነሐስ ማቅለጫውን ለአንድ ዓመት ተወላት። ዓመቱ ሲሞላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች የሰው መልክ ያወጣችበትን አንድ የነሐስ ሜዳይዋን ከባለመልኩ ጋር ያስተያያሉ፤ ከመሰለ ማቅለጫው የእሷ ይሆናል፣ ካልመሰለ ለሌላ ይሰጣል። ያን ሰሞን በእጇ የነበረው የውል ጸሐፊው የባልዳሳሬ መልክ ብቻ ነው። ባልዳሳሬ ሜዳዩን የሚልከው ፓዶቫ ከተማ ላለች፣ አይታው ለማታውቅ እጮኛው ነበር።

ባልዳሳሬ መልኩ የተቀረጸበትን ሰም አጎንብሶ አየና፣ «እመት ጃኮማ፣ እንደው ይሄ አገጬ...» አለ።

«ምን ሆነ?»

«በዛ!»

«እኔ ነኝ ያበዛሁት? ማታ ማታ የሚበሉት የኮማኪዮ ዓሣ ነው እንጂ!»

«የእግዜር ያለህ! ልጅቱ ሦስት አገጭ ስታይ ሦስት ወንድማማቾች የጠየቋት ይመስላታል!»

«እንግዲያው ትምረጣ። እኔ አልነካውም፤ ማቅለጫዬን ይወስዱብኛል።»

ሰሙን ደቃቅ አሸዋ ላይ አትማ፣ በታተመው ቅርጽ ውስጥ የቀለጠውን ነሐስ አፈሰሰች።

በፍርዱ ቀን የማኅበሩ አለቃ ቴባልዶ፣ «ጌታው፣ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ» አለ። ባልዳሳሬ ዞረ፤ ግን አፍሮ አንገቱን እንደ ዝይ መዘዘው።

«ጣሪያው ላይ ምን አለ?»

«እኔ ሁልጊዜም አቋቋሜ እንዲህ ነው!»

«ውል ሲጽፉም? ለካ የእህቴ ቤት በጎረቤቷ ስም የተጻፈው ለዚህ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጃኮማ ብቻ ዐይኗን ከባልዳሳሬ አንገት አልነቀለችም። ቴባልዶ ሜዳዩን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ የተመዘዘውን የባልዳሳሬን አንገት እያየ ቆጠረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚህም ሦስት። ማቅለጫው የእሷ ነው!»

ጃኮማ ዛሬ ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ ይህን ሁሉ ያወራችልኝ እየሳቀች ነው። አንዲቷን ነገር ግን፣ «እሷን እንኳ ለማንም አትንገሪ፣ ቴባልዶ አሁንም በሕይወት አለ» ብላኝ ነበር። የባልዳሳሬ አገጭ፣ አንገቱን ካልመዘዘ፣ አራት ነበር። ሰውየው ሰሙን ሊያይ ከመምጣቱ በፊት፣ አሳዝኗት፣ አንዱን ከሰሙ ላይ በአውራ ጣቷ ጠርጋው ነበር።