አብሮ የሚያድግ ጠላት

ገዳሪፍ ውስጥ በኛ ሰፈር ሁለት ጌም ቤት ነበር፤ አንዱ የኔ፣ ሌላው ፊት ለፊቴ የከፈተው ያገሬ ሰው። እኔ ከፊት ልባሽ ጫማ እሸጣለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ማሽን አለኝ። እሱ ያለው ማሽን ብቻ ነው፣ ምላሱን ሳንቆጥር።

የጠላሁት ቀን ይታወቃል። ጠረፍ መንገድ ላይ ያለችው ዶካ ከተማ ለቅሶ ደርሼ እስክመጣ፣ ጎረቤት ነው ብዬ የቤቴን ቁልፍ ለሱ ሰጥቼ ሄድኩ። ያን ክረምት ሰዉ ሁሉ የያዘው ጌም አንድ ጀግና ይዘህ አገር ላገር እየዞርክ የምታሳድግበት ነበር። ከአይጥ ትጀምርና ዘንዶ ላይ ትደርሳለህ። የኔ ጀግና ዘጠና ሰዓት ተለፍቶበት የዘንዶው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ስመለስ ጀግናዬ ከማሽኑ ተሰርዟል። በቦታው የሱ ጀግና፣ ገና አይጥ የሚያባርር፣ ተቀምጧል።

«ምነው አያ?» አልኩት፤ በዕድሜ ይበልጠኛል።

«ወንድሜ፣ ማሽንህ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እኔ በእንግሊዝኛ ለጠየቀኝ ሁሉ ‹የስ› ነው የምለው!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ነጋዴ ደንበኛ ፊት አይናደድም። በወሩ እሱ ዘንዶውን ገደለና «አለቃ» ተባለ። ደንበኞቼም ዘንዶ ከገደለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ክብር ነው ብለው መንገዱን ተሻገሩ። እኔ ቂምን እንደ ሰሊጥ ነው የማስቀምጠው፤ ዋጋው እስኪወጣ አልሸጥም።

ዋጋው የወጣው ቀጣዩ ጌም ሊመጣ ነው ሲባል ነው። ወሬውን የምታመጣልን ኢንተርኔት ቤት የከፈተች፣ እዚሁ ሱዳን ያደገች ያበሻ ልጅ ነበረች። እንግሊዝኛ የምታነብ እሷ ብቻ ናት፤ ጌሙንም ከሁላችን በላይ የምትጠብቀው እሷ ናት። ሥዕሎቹን እያተመች ግድግዳዋ ላይ ትለጥፋለች፤ የሰሊጥ አረም ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች እንደ ጋዜጣ ተደርድረው ያዩታል። ካርቱም ሊያልፍ የነበረ አንዱ፣ ጌሙን ሳላይማ አልሄድም ብሎ ጉዞውን አዘገየ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ሰዉን የያዘው የብረት በር የሚጠብቅ ባለቀንድ ዘበኛ ነበር። ጌሙ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ በልጅቷ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ፣ ያንን ዘበኛ የጣለ አለቃ ይሁን ተባለ። ባላንጣዬ ከአሁኑ ወንበሩን መርጦ ነበር።

አንድ ቀን በቀትር ሙቀት ልጅቷ ጠራችኝ። ፊቷ ተኮሳትሯል። አጎቴ ለማለት በዓረብኛ ‹ያ ኻል› ነው የምትለኝ።

«ያ ኻል፣ ወላሂ አበላሽተውታል! ጠላቱ ካንተ ጋር አብሮ ያድጋል ይላል። አንተ አምስተኛ ደረጃ ስትሆን እሱም አምስት፤ አንተ ሠላሳ ስትገባ እሱም ሠላሳ። ታዲያ ማደግ ምን ያደርጋል? በየአገሩ ተጫዋቹ እየተሳደበ ነው።»

እሷ ታዝናለች፣ እኔ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ። በዶካ መንገድ ለዓመታት ዕቃ አመላልሻለሁ። አንዲት አሮጌ ጆንያ ይዘህ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ፣ ቢበዛ ኪስህን የሚዳብስ ሌባ ነው የሚገጥምህ። ሙሉ ሎሪ ስትጭን ግን የሚጠብቅህ ሽፍታ መሣሪያ ይዞ ነው፤ ከነጓደኞቹ። ሽፍታ የሚመጣው በጭነትህ ልክ ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ዶካን አያውቋትም፣ ዶካ ግን ቀድማቸዋለች።

«ደረጃው በምን ይጨምራል?» አልኳት።

አነበበች። «የምትሠራው ሁሉ ይቆጠራል። ብትዘል እግርህ ይጠነክራል፣ በሰይፍ ብትመታ እጅህ ይሰላል። ደረጃህ የሚወጣው ግን ጀግናው አልጋ ላይ ሲተኛ ነው።»

«ካልተኛስ? እጁ አይሰላም?»

«ይሰላል። ደረጃው ባለበት ይቆማል።» ቀና ብላ አየችኝና ገባት። የቁልፉን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። «ኻላስ፣ በቃ፣ እኔ ምንም አላነበብኩም» አለች።

ሲዲው በካርቱም አውቶቡስ መጣ፤ ሁለታችንም ወሰድን። ባላንጣዬ እንዳሮጌው ጌም መስሎት ማደግ ጀመረ። ከሁሉ የቀለለው መዝለል ነው፤ ስለዚህ ጀግናውን ከተማ መሐል እንደ ፌንጣ ሲያዘልለው ይውልና አልጋ ላይ ያስተኛዋል። ደረጃ ሲወጣ ደወል ይደወላል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ጭብጨባው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ ጀግናዬን አልጋ ከለከልኩት። አሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ ሳያይ ሰይፍ ሲወዘውዝ ከረመ።

«አንተ፣ ስንተኛ ደረጃ ደረስክ?» ይለኛል በመንገድ ማዶ።

«ገና አንደኛ።»

«አይዞህ! ጫማውም ሥራ ነው።»

ቀጠሮው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም የልጅቷን ቤት ሞልቶታል። እሱ ታላቅ ነው ተብሎ ቀደመ። ጀግናው በሃያ ስምንተኛ ደረጃ በሩ ፊት ቆመ። ዘበኛው ወጣ፤ ከራሱ እስከ እግሩ የሚያብለጨልጭ ጥሩር ለብሷል፣ ሁለት አሽከር አስከትሏል። ባላንጣዬ በሰይፍ የሰለጠነ እጅ የለውም፤ ያለው እግር ነው። ዘለለ። ዘበኛው አየር ላይ ሳለ መታው። ስድስት ጊዜ ሞከረ፣ ስድስት ጊዜ ሞተ።

«ሲዘል የሚያምርበት!» አለ ካርቱም ሊሄድ የነበረው፤ ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ በኔ ላይ ተስቋል።

ተራዬ ደረሰ። ዘበኛው ወጣ፤ የተቀደደ ቆዳ ለብሶ፣ የዛገ የብረት ቆመጥ ይዞ፣ ብቻውን። አራት ጊዜ መታሁት። አምስተኛውን አልፈለገም።

«ይኼ ሌላ ሰውዬ ነው!» ብሎ ባላንጣዬ ጮኸ። «ዘበኛውን ቀይረውብኛል!»

«ማሌሽ፣ ምን ይደረግ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰክታ።

ሰዉ «አለቃ!» እያለ ተከትሎኝ ወጣ። እሱ ደጅ ላይ እጄን ያዘኝ። መሳቁን ትቷል። «እንዳገር ልጅ እውነቱን ንገረኝ። ምን ጎደለኝ?»

እዚያ ላይ መንገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ አትተኛ፣ አትዝለል። አዝኜለትም እንደሆነ አላውቅም፤ አፌ ግን ቀደመ።

«ደረጃ ነዋ፣ አያ» አልኩት። «ጥቂት ነው የቀረህ። አርባ ግባና ተመለስ።»

አመነኝ። ክረምቱ እስኪወጣ ዘለለ። አንድ ቀን ጭቃውን አቋርጦ ጫማ ቤቴ ድረስ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አርባ ገባሁ። ዘበኛው ሦስተኛ አሽከር ጨምሯል» አለኝ።

«አንተን እየፈራ ነዋ!» አልኩት።

ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩንም ጠጣሁለት።