የቀትር ብረት

ልጄ አራተኛ ወሯን ስትይዝ፣ «ማሚ፣ ሆዴ ሳይገፋ አንድ ቦታ እንሂድ። ፒራሚድ ላሳይሽ» አለችኝ። ፒራሚድ ግብፅ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሜክሲኮም አለ፤ ከዴንቨር በፕሌን ሩቅ አይደለም፣ ከትልቁ ከተማቸው ደግሞ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ነው አለችኝ። ባሏ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። አምና የመጀመሪያው ጽንስ ወርዶባታል። እሱን ፈርቼ እምቢ ልላት ነበር፤ ብቻዋን ከምትሄድ ብዬ ተነሳሁ።

እኛ ዘንድ እርጉዝ በቀትር ሜዳ ለሜዳ አትሄድም። ከሄደችም ብረት ትይዛለች፤ ብረት ካለ ክፉ ነገር አይጠጋም። ስለዚህ የድንች መላጫ ቢላዋዬን በነጠላ ጠቅልዬ ሳትሰማ በእጅ ቦርሳዋ ሥር ሸጎጥኩላት። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ተያዘ። ፈታሹ ነጠላውን ሲፈታው ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ማሚ፣ ቢላ? ሲሪየስሊ?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔን ልታሳስሪኝ?»

ሰውየው ቢላዋውን ጣለው፣ ነጠላውን መለሰልኝ። ፕሌን ውስጥ እስክንገባ አላናገረችኝም። እኔ የማስበው ስለ ቢላዋው ነበር። አሁን ባዶ እጇን ናት።

በማግስቱ ፒራሚዱ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ ተራራ የሚያህል ክምር። የሠሩት ሰዎች ማን እንደነበሩ በደንብ የሚያውቅ የለም አለ አስጎብኚው። ልጄ ናት የምትተረጉምልኝ።

«መንገዱስ ምን ይባላል?» አልኳት።

ኮፍያዋን ዝቅ አደረገች።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«የሙታን ጎዳና» አለች ቀስ ብላ።

ወዲያው ከኋላችን አውሬ አገሳ። ልጄን ጎትቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ እንደ አውሬ የሚያገሳ የሸክላ ፊሽካ ይዞ ይስቃል፤ ሸቀጡ ነው። ልጄም ሳቀች።

የቤቴን ቁልፍ ከነሰንሰለቱ አወጣሁ። «እንኪ፣ ብረት ነው።»

«ማሚ፣ ስቶፕ። ድንጋይ እኮ ነው።»

ቁልፉን ራሴ ጨብጬ በጎኗ ሄድኩ።

ክምሩ ሥር አስጎብኚው ብዙ አወራ። ልጄ መሀል ላይ መተርጎሟን ተወች።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ።»

«ሥሩ ሲቆፈር ሰዎች ተገኝተዋል አለ። እጃቸው ወደኋላ ታስሮ። ሲሠሩት ነው የቀበሯቸው።»

ያ ፊሽካ ከሩቅ እንደገና አገሳ። አሁን አልሳቀችም። ወደኔ ሳታይ እጇን ዘረጋች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩላት፤ ጨብጣ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። አውቶቡስ እስክንሳፈር እጇን ከዚያ አላነሳችም።

ከተመለስን ወዲህ ቁልፉን አልሰጠችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ከሥራ ስመጣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ የገዛ በሬን እንደ እንግዳ አንኳኳለሁ። አንዳንዴ ትቆያለች። ያኔ በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ያ የታሰረ እጅ ይመጣብኛል፣ አምናም ይመጣብኛል፣ ሁለተኛ ለማንኳኳት እፈራለሁ። ከዚያ እርምጃዋ ይሰማኛል። አሁን ከበድ ብሏል። ኪሷ ውስጥ ሰንሰለቱ ቅጭል ቅጭል ይላል።